አባቴ ያላለው ቃል

ከዚህ በፊት ጽፌ የማውቀው የክፍል ሥራና የጓደኞቼን የልደት ካርድ ብቻ ነው። አሁን ግን መጻፍ እንደምችል አውቄያለሁ፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ወረቀት ፊቴ ሳስቀምጥ ደስ ይለኛል። የማወራችሁ ነገር ደስ አይልም። ደስታዬም ንዴቴም ከአንድ ቀን ስለመጡ ለየብቻ ላቀርብላችሁ አልቻልኩም፤ አብራችሁ ውሰዷቸው።

ሂክማ እባላለሁ፣ ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፣ የምንኖረው ቡራዩ ነው። አባቴ ሸምሱ የፕላስቲክ ዕቃ ነጋዴ ነው፤ ጀሪካን፣ ሳፋ፣ ባልዲ፣ የሕፃን ፖፖ ሳይቀር ይሸጣል። በሳምንት ሁለት ቀን አሮጌዋን ፒካፕ እስከ አፏ ጭኖ ሰበታና ሱሉልታ ላሉ ቸርቻሪዎች ያደርሳል። ተወልዶ ያደገው ኮምቦልቻ ስለሆነ ኦሮምኛ የተማረው እዚሁ ከደንበኞቹ ነው። ሰላምታው የጠራ ነው፣ ዋጋ ይከራከርበታል፣ ይቀልድበታል። ከዚያ ካለፈ ቃል ያልቅበትና ወደ አማርኛው ይመለሳል። እኛ ሰፈር ይሄ ምንም አይገርምም። ሰው ወሬውን በአንዱ ጀምሮ በሌላው ይጨርሳል፤ የት ጋ እንደተሻገረ ራሱም ልብ አይልም።

እኔ ደግሞ በዚያ ሰሞን ትምህርት ቤት ውስጥ ታዋቂ ነበርኩ። የክርክር ክበባችን ‹ፖሊሶች ደረታቸው ላይ ካሜራ እንዲያደርጉ ይገደዱ ወይስ አይገደዱ?› የሚል ርዕስ አውጥቶ፣ በዕጣ ‹አይገደዱ› የሚለው ወገን ደረሰኝ። ተነስቼ፣ ቤታችሁ የሚገባ ፖሊስ እናታችሁን በቤት ልብሷ ቀርጾ ሲወጣ ደስ ይላችኋል ወይ ብዬ ጠየቅኩ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ከዚያ ቀጠልኩና፣ ጥሩ ፖሊስ ካሜራ አያስፈልገውም፣ መጥፎ ፖሊስ ደግሞ ያጠፋዋል፣ ታዲያ ለማን ነው የሚገዛው አልኩ። አሸነፍን። እናቴ፣ እኛ ኡሚ የምንላት፣ የምስክር ወረቀቴን ቴሌቪዥኑ አጠገብ አቆመችው፣ አባም ለደንበኛ ሁሉ፣ እኔን መንገድ ላይ ካሜራ አያነሳኝም፣ ልጄ ከልክላለች እያለ ይቀልድ ነበር።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ።

አንድ ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመለስ አባ የመኪናዋ ዓመታዊ ቦሎ ሊያልፍ ስለሆነ ሊብሬውን ኮፒ አስደርጊልኝ አለኝ። ሊብሬ የመኪና ባለቤትነት ደብተር ነው፤ ሁልጊዜ መኪናው ውስጥ መኖር አለበት። ወስጄ ኮፒ አስደረግኩ። ኮፒውን ለአባ ሰጠሁት። ዋናው የፊዚክስ ደብተሬ ውስጥ ቀረ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ከአሁኑ እወቁት፤ የእኔ ነው።

በማግስቱ ዓርብ ፈተና ጨርሰን ስለነበር ቤት ነኝ። ሦስት ሰዓት ተኩል አካባቢ አባ ደወለ።

“ሂክማ፣ ሊብሬውን የት አደረግሽው?”

እየሮጥኩ ሄጄ ደብተሬን ሳራግፈው ዱብ አለ። አባ አልተቆጣኝም። ሰበታ መግቢያ ላይ ፖሊስ አስቁሞት ነው። ፎቶ አንሺና በቴሌግራም ላኪልኝ አለኝ፤ ልጁ ጥሩ ልጅ ነው፣ እጠብቃለሁ ብሏል አለኝ። ልጁ የሚለው ፖሊሱን ነው። ከኋላ በኦሮምኛ ሲቀልዱ ይሰማኛል። አባ ‹አካም ቡልተን›፣ እንዴት አደራችሁ ብሎታል፣ ፖሊሱ ‹ነጋ›፣ ደህና ብሎ መልሶለታል፣ ከዚያ አባ ስለ እኔ አንድ ነገር ብሎ ሁለቱም ሳቁ። በጣም ተረጋጋሁ።

“ስልኩን እንዳትዘጊው” አለኝ አባ።

ፎቶውን አንስቼ ላኩት። ያቺ ክብ ነገር መዞር ጀመረች። ትዞራለች፣ ትዞራለች። እኛ ሰፈር ኔትወርክ ሲደክም በስልክ እያወሩ ኢንተርኔት አይሠራም፤ ይሄን የማያውቅ ሰው የለም። እኔም አውቃለሁ። ያን ሰዓት ግን አባቴ እንዳትዘጊው ብሎኛል፣ ጥፋተኛም ነኝ፤ ታዲያ እንዴት ልዝጋበት? ሄደልሽ ወይ ይለኛል፣ እየሄደ ነው እለዋለሁ። ወሬያችን ራሱ ፎቶውን አንቆ እንደያዘው አንዳችንም አላሰብንም።

ደቂቃዎች አለፉ። ፒካፗ መንገዱን ስለዘጋች ከኋላ የመኪና ጥሩምባ መጮህ ጀመረ። የፖሊሱ ድምፅ ተቀየረ። ከመኪናው ውረድና ጥግ ያዝ ሲለው ሰማሁ። ቀጥሎ “ፉርቱ ኬኒ” አለው፤ ቁልፉን ስጥ ማለት ነው። አባ በአንድ ጆሮው እሱን፣ በሌላው እኔን ይዟል።

“ላኪ” አለኝ አባ።

ፖሊሱ ቁልፉን ስጥ ማለቱን ጮክ ብሎ ደገመው። አባም በስልኩ ጮኸብኝ።

“ላኪ! ላኪ በቃ!”

ከዚያ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ሳፋ ከመደርደሪያ ላይ ሲሚንቶ ወለል ላይ ሲወድቅ የሚያወጣው ዓይነት ጠፍጣፋ ድምፅ ነው። ስልኩ ተንኳኳ፣ ብዙ ሰው ባንድ ጊዜ አወራ፣ ተቋረጠ። ልክ እንደተቋረጠ ያቺ ክብ መዞሯን አቆመች። ፎቶው ሄደ።

ደጋግሜ ደወልኩ፤ ይጠራል፣ አይነሳም። ኡሚ የሦስት ሳምንት አራስ ናት፤ ወንድሜን ታቅፋ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። በስንተኛው ጥሪ እንደሆነ አላውቅም፣ አንዲት ሴት አነሱ። አዴ ጫልቱ ይባላሉ፣ እዚያው መንገድ ዳር ቆሎ የሚሸጡ ናቸው። ስልኩን ከመሬት አንስቼ ነው፣ አይዞሽ፣ አባትሽን ወደ ጣቢያ ወስደውታል፣ እኔም ለምስክርነት እየሄድኩ ነው፣ እዚያ ታገኚኛለሽ አሉኝ። የማላውቃቸው ሰው እንዲህ ሲሆኑልኝ አለቀስኩ።

ኡሚ ኦቦ ቶሌራን ጠራች። ኦቦ ቶሌራ ከሱቃችን ቀጥሎ ወፍጮ ቤት ያላቸው የገፈርሳ ሰው ናቸው። ዱቄት የነካው ኮታቸውን እንኳ ሳያራግፉ መጡ። ሁለት ታክሲ ቀይረን አየር ጤና፣ ከዚያ ሰበታ። መንገድ ላይ፣ አባትሽ ሰው የማይሰድብ ሰው ነው፣ የሆነ ነገር ተሳስቷል፣ እናቃናዋለን እያሉ አጽናኑኝ። የደረስንበት ጣቢያ የቱ እንደሆነ አልነግራችሁም። ስም ማጥፋት አልፈልግም፣ ደግሞም ሌላ ጣቢያ ቢሆንም የሚሆነው ያው ነበር።

አዴ ጫልቱ ግቢው ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ጠበቁን። ስልኩን ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው ሰጡኝ። ከዚያ እጄን ይዘው በሐዘን ጠየቁኝ።

“ምነው ልጄ፣ አባትሽ ቁልፉን ቢሰጥ ምን ነበረበት? ምን እንቢ አስባለው?”

እንቢ አላለም አልኳቸው። እኔ ስልኩ ላይ ነበርኩ።

“ኧረ እኔ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ፉርቱ ኬኒ ሲለው ‹ለኪ› አለው። አንዴ አይደለም፣ ሦስቴ። እጁንም እንዲህ አድርጎ ገፋው።”

ሁለቱንም ቋንቋ ለማታውቁ ልንገራችሁ። በአማርኛ ‹ላኪ› ማለት እኔን፣ ሴት ልጁን፣ ፎቶውን ስደጂልኝ ማለቱ ነው። በኦሮምኛ ደግሞ ‹ለኪ›፣ ኪዋ ጠብቃ፣ እንቢ ማለት ነው። በመኪና ጥሩምባና በጩኸት መሐል ሁለቱን የሚለያቸው ፀጉር የምታክል ነገር ናት። አባቴ በአማርኛ ብቻ ሰላም ብሎት ቢሆን ኖሮ ፖሊሱ በአማርኛ ይሰማው ነበር። እሱ ግን ሰውን በቋንቋው ማክበር ይወዳል። ጆሮውን በኦሮምኛ ከፈተለትና፣ ከዚያ እሱ ራሱ ሳያውቀው ወደ እኔ፣ ወደ አማርኛው ተሻገረ።

“እኔን ነው” አልኳቸው፣ ስልኬን አውጥቼ። “ላኪ ያለው እኔን ነው። ይኸው ፎቶው።”

አዴ ጫልቱ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ኦቦ ቶሌራ ቃሉን በቀስታ ሁለት ጊዜ አሉት፣ አንዴ አላልተው፣ አንዴ አጥብቀው፤ ፈገግ ሊሉ ነበርና ተዉት። ይሄን ገብተው ይንገሩልኝ ብዬ አዴ ጫልቱን ለመንኳቸው። ነጠላቸውን እያስተካከሉ መለሱልኝ።

“ልጄ፣ አሁን ስትነግሪኝ ‹ላኪ› ያለ ይመስለኛል። ግን አሁን ስለነገርሽኝ ነው። ያኔ የሰማሁት ‹ለኪ› ነው። ምዬ የተናገርኩትን ምን ብዬ እለውጠዋለሁ?”

እስከ ዛሬ ልጠላቸው ሞክሬ አልቻልኩም። ሐቀኛ ሰው ናቸው። ሌሎቹም ምስክሮች እንደሳቸው ነበሩ፤ ማንም አልዋሸም። ዋሽተውብን ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

መርማሪው ጎልማሳ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ደጃፋቸው ላይ ብዙ ሰው ስለነበር ገና አፌን ስከፍት፣ የምትይውን በጽሑፍ አድርጊው አሉኝ። ወረቀት ሰጡኝ። ዋርካ ሥር ካለችው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና መጻፍ ጀመርኩ።

ደስታዬ ያለው እዚህ ጋ ነው። የመጀመሪያዋን ዐረፍተ ነገር ደጋግሜ ሰርዤ ጻፍኳት፤ ከሁለተኛዋ በኋላ መሰረዝ አቆምኩ። ምን ቀድሞ ምን እንደተከተለ፣ ማን በየትኛው ቋንቋ ምን እንዳለ፣ ፎቶው ለምን እንደዘገየ፣ ሁሉም ተራ ይዞ ወረቀቱ ላይ ተቀመጠልኝ። ክርክር ላይ ሰው አስቃለሁ እንጂ ሰው እንዲያምነኝ አድርጌ አላውቅም ነበር። ሁለት ገጽ ሞላሁ። ሳነበው ራሴ አመንኩት። አባቴን በእጄ ይዤ የማወጣው መሰለኝ።

ኦቦ ቶሌራ አንብበው ትከሻዬን መቱኝ፤ በጣም ግሩም አሉ። ችግሩ መዝገቡ በኦሮምኛ ነው የሚያዘው። የእኔ የኦሮምኛ ጽሑፍ ስህተቱ ብዙ ስለሆነ እሳቸው ገለበጡልኝ። ዕድሜ ልካቸውን የሚታወቁት በእጅ ጽሑፋቸው ነው። ቃል በቃል፣ ምንም ሳይጨምሩ ምንም ሳይቀንሱ ተረጎሙትና አስገባን። መርማሪው ከምሳ ሲመለሱ አስጠሩን።

“አንቺ አባቴ ‹ኤርጊ› አለኝ ትያለሽ” አሉኝ ወረቀቱን እያዩ። “አራት ሰው ደግሞ ‹ለኪ› አለ ይላል። ‹ኤርጊ› እና ‹ለኪ› በምን ይምታታሉ?”

ኦቦ ቶሌራ ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። እውነት ነው፤ ላኪ በኦሮምኛ ኤርጊ ነው። ትርጉሙ ትክክል ነው። ትክክል በመሆኑ ገደለን። ያ ሁሉ ሁለት ገጽ የቆመው በአንዲት ድምፅ ላይ ነበር፣ ድምፁ ደግሞ ሲተረጎም ጠፋ። መዝገቡን የሚያነብ ሰው የሚያየው አንዲት ልጅ አባቷን ለማውጣት ጨርሶ የማይመሳሰል ቃል ስትፈጥር ነው።

በአፌ አስረዳኋቸው። ጨርሰው ሰሙኝ፣ እሱን መካድ አልችልም። እንደ ኦቦ ቶሌራ ቃሉን ሁለት ጊዜ ለራሳቸው አሉት። ገባቸው። ከዚያ ስልካቸውን አወጡና አንድ ቪዲዮ አሳዩን። መንገዱ ዳር ያለ የብረታ ብረት ሱቅ ካሜራ የቀረጸው ነው። አባ በመኪናው በር ቆሟል፣ ስልኩ ጆሮው ላይ ነው፣ አፉ ይንቀሳቀሳል። ፖሊሱ እጁን ዘረጋ። አባ መዳፉን ከፍ አድርጎ ወደ ፊት ገፋ፤ እኔ የማውቃት የአባ ‹አንድ ጊዜ ቆየኝ› ናት፣ ደንበኛ ሲበዛበት ሁልጊዜ የሚያደርጋት። መዳፉ የፖሊሱን ደረት ነካች። ከዚያ ጥፊው። አባ ወደ ጎን ሄደ፣ ስልኩ በረረ። ድምፅ የለውም። ድምፅ ሳይኖር ሲታይ፣ አምላክ ይወቀው፣ እኔም ልጁ ባልሆን እንቢ ብሎ የገፋ ሰው ነው የማየው።

“የምትይው ሊሆን ይችላል” አሉ መርማሪው። “ግን እኔ ያልሰማሁትን ቃል እንዴት አድርጌ ላላልተው፣ እንዴትስ ላጥብቀው? ድምፁን አምጪልኝ። አሁኑኑ እፈታዋለሁ።”

ከየት ነው የማመጣው? ቀና ስል በሩ ላይ የቆመ አንድ ወጣት ፖሊስ አየሁ። ሁሉንም ሰምቷል። ፊቱን ሳየው ማን እንደሆነ ማንም አልነገረኝም፣ ግን አወቅኩት።

ከክፍሉ ወጥቼ ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ ፊቴን ስታጠብ መጣ። ከእኔ የሚበልጠው ምናልባት በስድስት ዓመት ነው።

“እውነት አንቺን ነው ላኪ ያለው?” አለኝ።

አዎ አልኩት።

“በኦሮምኛ እየቀለደ ነበር እኮ። በምን ልወቅ?”

“አሁን አወቅህ። ግባና ንገራቸው።” አንተ አልኩት፤ እርስዎ ማለት አቃተኝ።

“ምን ብዬ? ከልጁ ጋር ሲያወራ ነው የመታሁት ልበል?” አለኝ። የሰጠው ቃል ላይ ጥፊ የሚል ነገር እንደሌለ ያወቅኩት ኋላ ነው፤ ‹ተመጣጣኝ ኃይል በመጠቀም› ነው የሚለው። ቧንቧውን ዘጋውና ሄደ። ወደ መርማሪው ቢሮ ነው የሚሄደው ብዬ በዓይኔ ተከተልኩት። አልፎት ሄደ።

ያን ጊዜ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ዓርብ ነው። መርማሪው ኦቦ ቶሌራን ለብቻ ጠርተው መንገድ አለ አሏቸው። አባ ‹ትእዛዝ እንቢ ብያለሁ፣ ፖሊስም ገፍቻለሁ፣ አጥፍቻለሁ፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ› ብሎ ከፈረመ በማስጠንቀቂያ ዛሬውኑ ይወጣል። ካልፈረመ ነገሩ ፍርድ ቤት ነው፤ ፍርድ ቤት ደግሞ ሰኞ ነው። ለክፋት ያሉት አልመሰለኝም፤ የቸገረው ሰው የሚሰጠው ምክር ነው የሰጡን።

አባን አመጡት። ግራ ጉንጩ አብጦ ዓይኑን ገፍቶታል። ያን ጆሮውን በጣቱ እየነካካ፣ አሁንም ይጮሃል አለ። የጁምዓ ሶላት እንዳመለጠው ነው መጀመሪያ የነገረን። ኦቦ ቶሌራ ሲያስረዱት መሬት መሬት እያየ ሰማ። እኔ፣ እንዳትፈርም አልኩት። ሁለት ገጽ ጽፌያለሁ፣ ሰኞ ዳኛው ያነቡታል፣ ደግሜ አስተካክዬ እጽፈዋለሁ አልኩት። እውነትም አምኜ ነበር።

ፈገግ አለልኝ፤ በአንድ በኩል ብቻ። ስኳር አለበት፣ መድኃኒቱ ቤት ነው። ኡሚ ገና አራስ ናት። ይሄን እኔም አውቃለሁ፤ እንዲነግረኝ አልፈለግኩም፣ እሱም አልነገረኝም። ወረቀቱ በኦሮምኛ ስለሆነ ማንበብ አልቻለም።

“‹ለኪ› ብያለሁ ይላል?” ብሎ ኦቦ ቶሌራን ጠየቃቸው።

“ይላል” አሉት።

“ሦስቴ?”

“ሦስቴ።”

ፈረመ። እየፈረመ ሳለ የእኔ ሁለት ገጽ በዚያው መዝገብ ውስጥ፣ ከሥሩ ነበረች። ያላለውን ቃል ብሏል ብሎ በራሱ እጅ ሲፈርም፣ ያለውን ቃል የያዘችው ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ሆና አየችው። ይሄን ሳስብ አሁንም ጥርሴን እነክሳለሁ።

ስንመለስ ፒካፗን የነዱት ኦቦ ቶሌራ ናቸው። አየር ጤና ላይ አባ ስልኩን ከፈተ። የላክሁት ፎቶ ገብቶ ተቀምጧል፣ ጥርት ብሎ፣ እያንዳንዱ ቁጥር የሚነበብ። ትንሽ አየውና፣ ጎበዝ፣ ጥሩ አድርገሽ ነው ያነሳሽው አለኝ።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ያኔ አዳራሹን ያሳቅኩባቸውን ክርክሮች መልሼ ራሴን ጠይቄያቸዋለሁ። የእናት የቤት ልብስ ይቀረጻል ብያለሁ፤ አዎ ይቀረጻል። እናቴን ጠየቅኳት። ያን ቀን የአባትሽን ድምፅ ይዞልኝ ቢሆን በፒጃማዬ ሰበታ ድረስ ይቅረጸኝ አለችኝ። መጥፎ ፖሊስ ያጠፋዋል ብያለሁ፤ ያጥፋው። ያኔ ቢያንስ ለምን ጠፋ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ይኖራል፤ ለእኛ ግን ጥያቄ የምናነሳበት ነገር ጭራሽ አልነበረም። ጥሩ ፖሊስ ካሜራ አያስፈልገውም ያልኩት ግን ከሁሉ ያሳፍረኛል። ያ ልጅ እኮ መጥፎ አልነበረም። ጠብቆን ነበር፣ ስቆ ነበር። ተሳሳተ፣ መታ፣ ከዚያ ስህተቱን ሲያውቅ የሚደበቅበት ቦታ አገኘ። ደረቱ ላይ ካሜራ ቢኖር መደበቂያው አይኖርም ነበር። ማን ያውቃል፣ እጁንም ከመሰንዘሩ በፊት አንድ ጊዜ ያስብ ነበር።

ደግሞ ካሜራ ስል ዓይን ብቻ ማለቴ አይደለም። የሱቁ ካሜራ ዓይን ነበረው፤ ዓይኑ ነው አባቴን ያስፈረመው። እኔ የምለው ጆሮ ያለው ይሁን ነው። ሰው በሁለት ቋንቋ እየተሻገረ በሚያወራባቸው እንደ እኛ ባሉ ከተሞች፣ ማን ምን አለ የሚለውን በምስክር ጆሮ ብቻ የምንፈርድ ከሆነ፣ ነገ ‹ላኪ› የሚለው የእናንተ አባት ነው። ቅጂውም ፖሊሱ ኪስ ውስጥ አይደር፤ የተከሰሰው ሰውም መስማት ይችል። ይገደዱ። ክበቡ ርዕሱን ዳግም ቢያወጣው ዕጣ ሳልጠብቅ እነሳለሁ።

የአባ ጆሮ ከሦስት ሳምንት በኋላ መጮሁን አቆመ፤ መኪናዋም ቦሎዋን አገኘች። ሁሉም ወደ ነበረበት ተመለሰ ብዬ ልጨርስላችሁ አስቤ ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ሁለት ነጋዴዎች ሱቃችን መጡ። ስለ አንድ የጋራ መጋዘን ሲዋዋሉ አባ መሐላቸው ነበረ፤ አሁን አንዱ እንዲህ ብለሃል፣ ሌላው አላልኩም ይላል። አንተ ሰምተሃል፣ አንተ ያልከውን እንቀበላለን አሉት። ገበያው ውስጥ እንደዚህ ሲጣሉ ወደ እሱ መምጣት ልማድ ነው።

“ሌላ ሰው ፈልጉ” አላቸው አባ። “እኔ ያላልኩትን ብያለሁ ብዬ የፈረምኩ ሰው ነኝ። የእኔን ቃል ምን ታደርጉታላችሁ?”

የቀለደ መስሏቸው ሳቁ። እሱ ሳፋውን ሳፋ ውስጥ እየከተተ መደርደሩን ቀጠለ፤ እስኪወጡ ድረስ ቀና አላለም።